አስራ አንድ ጠቅታ

ዝናቡ ሌት ሙሉ ቆርቆሮ ሲደልቅ፣
ነግቶም ሳያባራ፣ ጭቃውም ሳይደርቅ፣
ኢዘዲን መጣልኝ ቀይዋን እየነዳ
በፈረንጅ አራዳ።

ሁለት በር፣ ሁለት ሰው፣ ሆዷ ምድር ሚልስ፣
ድንጋይ በነካት ቁጥር ጥርሷን የምትነክስ።
አራት አሞርዛተር አስመጥቶ ከዱባይ፣
ወርቃማ ቀለበት አናታቸው ላይ፤
ቀለበቷን ስታዞር ጠቅ ትላለች፣ ጠቅ፣
ወደ ቀኝ ሲጠጥር፣ ወደ ግራ ሲለቅ።

«አዴ ዘቢባ» አለኝ «እስከ ጥግ አጥብቂው፣
ሃያም ካለው ሃያ፣ አንድም እንዳትተዪው።
እሁድ ሰዓት ይዘን ጅሬን ላይ ስንወጣ
እንደ ጋሪ እያለች ጉድ እንዳታመጣ።»

እሺ አልኩት፤ ገንዘቡም መኪናዋም የራሱ።
ጎረምሳ አይደለ? መጥበቅ ነው ሱሱ።

በክሪክ አነሳናት። ምስባሕ ስሯ ገባ፣
ጠመኔ ጆሮው ላይ ሰክቶ እንደ አበባ።
እሱ ይቆጥራል እንጂ እኔስ አልሰማውም፤
ሃያ ዓመት ከቀጥቃጭ ጎን ከርሜ ጆሮ አልተረፈኝም።
ጣቴ ነው የሚሰማው። ቀለበቷ ስትዞር
አውራ ጣቴ ጫፍ ላይ ጤፍ የምታህል ነገር
ጉርብጥ ትላለች።
አንድ።
ጉርብጥ ትላለች።
ሁለት።
እንዲህ እያልን ሃያ፣ በአራቱም ማዕዘን፣
በጋራዡ በር ላይ ቁጥሩን ጻፍ ጻፍ አርገን።

አዌቱን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር
ኢዘዲን ይስቃል፤
እኔ የበር እጀታ ይዤ ዱዓ ስደረድር።
ለስላሳው አስፋልት ላይ፣ እውነት ለመናገር፣
ቢላ ነበረች፤
ቅቤ እንደሚቆርጥ፣ ያለ አንዳች ግርግር።

ከዚያ ኩርባው መጣ፣
አስፋልቱ በዝናብ ተልጦ ቀይ አፈሩ የወጣ።
ጎማው የመጀመሪያውን ጉድጓድ ረገጠው፣ አልጠጣውም፤
ዘለለ። ሁለተኛው ላይ አላረፈም፣ አልነካውም።
በጎናችን ሄድን፣ ወደ ቦዩ፣ ቀስ ብለን፣
ሙዝ የጫነ ባጃጅ ጡሩንባ እያሰማን።
ማንም አልጮኸም። መጥረጊያው ብቻ ወዲያ ወዲህ ይላል።
ኢዘዲን «መሪው እኮ...» አለና ዋጠው ቀሪውን ቃል።

«መሪው ምን ያርግልህ? ጎማ መሬት ሲለቅ
መሪ የእጅ ጌጥ ነው። ይህን አሁን እወቅ።
ሞላው መዝለል ያውቃል፣ ተፈጥሮው ነውና፤
አሞርዛተር ደግሞ ‹ተው› ይለዋል ገና
ሳይርቅ። ‹ተው› ማለት ግን አፉን ማፈን አይደለም፤
ያልተነፈሰ እግር መንገድ አይለምድም።»

መንገድ ዳር ተንበርክኬ፣ ቱታዬ ረጥቦ፣
ከጎማው በላይ ገባ እጄ ተሽሎክልኮ፣ ተጣቦ።
ዘጠኝ ወደ ግራ። ፊቷን አስራ አንድ ላይ።
ኋላዋን ስምንት፤ ምን ጭነት አለባት ከኋላ፣ ከዝናብ ውሃ በቀር?
ኮፈኗን በመዳፌ ወደ ታች ተጫንኩት፤
አንዴ ተነሳ፣ ረጋ። «ይኸው ነው» አልኩት።

«እንግዲህ ልኳ አስራ አንድ ነው?»
«ለዚህ ኩርባ። ለዛሬ ዝናብ። የአጋሮው መንገድ ሌላ ነው፤
በጋ ሲመጣ ደግሞ ራሷን ጠይቃት።»
አልወደደውም። ቁጥር ነበር የፈለገው፣ እንደ ስልክ ቁጥር፣ መዝግቦ የሚይዛት።

ያንኑ ኩርባ ደገምነው። ጉድጓዱ ላይ ጎንበስ አለች፣
ጠጣችው። አለፈች።
ኢዘዲን አልሳቀም በዚህኛው።
እኔም እጀታውን አልያዝኩም፤ ወይም ይዤ እንደሆነ ዘነጋሁት።

ሰኞ በማለዳ መጣ፣ ዘይት ሊቀይር።
እሁድ ማን እንደቀደመ አላወራም፤
እኔም አልጠየቅኩም፤ አንገቱ ላይ ግን ኩራትም ሐፍረትም አልነበረም።
ምስባሕ ዘይቱን ሲያንቆረቁር፣
እጄን ሰደድኩ ከጎማው በላይ፤ ወደ ግራ፣ እስክትቆም፣
ጤፏን በጣቴ እየለቀምኩ፦
ዘጠኝ።
አስር።
አስራ አንድ።
ጉርብጥ።
አስራ ሁለት።

አንዷ የራሱ ናት።

ወደ አስራ ሁለት መለስኳት፣ ምንም አላልኩትም።
ሲሄድ ከበሩ ላይ አስራ አንድን በክርኔ ጠረግኩና
ጠመኔውን ከምስባሕ ጆሮ ወሰድኩ።